ጠርሙሱን ይዛችሁ ኑ

በዛሬው የቤተሰብ ጤና ዓምዳችን ብዙዎቻችን «እኛ ቤት አይደርስም» ብለን ስለምናልፈው፣ ነገር ግን ማንኛውም ቤት ሳይታሰብ ሊገባ ስለሚችል አደጋ እንነጋገራለን። ይኸውም በስሕተት ከመጠን በላይ የተወሰደ መድኃኒት የሚያመጣው ጣጣ ነው። ምልክቱ የሆድ ቁርጠትና ማስመለስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የሚያስቸግረው አንዳንድ ጊዜ ምልክቱ ከመድኃኒት የመጣ ፈጽሞ የማይመስል መሆኑ ነው።

እስቲ በሐሳብ አንድ ቤት እንግባ። ቤቱ ጫጫ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስትጓዙ ደብረ ብርሃን ለመግባት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራችሁ የምታገኟት ብርዳማ ከተማ። ወሩ ጥቅምት ነው። የቤቱ ባልና ሚስት እናንተ ናችሁ እንበል።

ማሙሽ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ክብደቱ 10 ኪሎ ነው። ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰዋል። ማስመለስ የሚያቆም ሽሮፕ ታዞለታል፤ ስሙ ሜቶክሎፕራማይድ ነው፤ ብዙ ሰው «ፕላሲል» እያለ የሚጠራው ማለት ነው። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለክቶ «አንድ ሚሊ ሊትር ብቻ» ብሎ አሳይቶሻል። አንቺ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ለክተሽ ሰጠሽውና ወደ መዘምራን ልምምድ ወጣሽ። አንተ ከሥራ ገባህ። ልጁ አስመለሰ። ጠርሙሱን መስኮት ላይ አየኸውና «ረስታው ሄዳ ነው» ብለህ በሻይ ማንኪያ ሞልተህ አጠጣኸው። ሰዓት ቆይቶ እንደገና ሲያስመልስ ደገምህለት። ሲሪንጁ የት እንዳለ አላወቅህም። ክፉ አላሰብህም፤ አባት ነህና ልጅህ እንዲሻለው ፈለግህ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ማሙሽ ጮኸ። አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሟል። ዓይኖቹ ወደ ጣሪያው ተሰቅለው ቀርተዋል። አፉ ተጣሞ ምላሱ ወጥቷል፤ ጀርባው እንደ ደጋን ተለጥጧል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ደግሞ ልጁ ራሱን አልሳተም። ስሙን ስትጠሩት ይሰማል፣ ያለቅሳል።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ልክፍት ነው» አለች። ሌላው «መንጋጋ ቆልፍ ነው» አለ። ሦስተኛው ክብሪት ለኩሶ ሊያሸተው ቀረበ። በአቅራቢያ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ወንድሞችም መጥተው እጅ ጭነው መገሠጽ ጀመሩ። አንተ ግን ማንኪያዋ ትዝ ብላሃለች። በሰው ፊት፣ በሚስትህ ፊት፣ በአማትህ ፊት እንዴት ትናገር?

ወገኖች፣ ይህን ዓምድ የምንጽፈው ስለዚያች ማንኪያ ነው። ሐኪሙ የልጁን ሕመም በጥቂት ደቂቃዎች ሊለየው የሚችለው ስለ ማንኪያዋ ሲነገረው ነው። ካልተነገረው ግን መንጋጋ ቆልፍ ይሆን? ማጅራት ገትር ይሆን? የሚጥል በሽታ ይሆን? እያለ በምርመራ ይደክማል። ልጁም እስከዚያው ይሠቃያል።

ይህ ነገር ምንድን ነው?

ሐኪሞች «ዲስቶኒያ» ይሉታል። ሜቶክሎፕራማይድ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ሥራ ስለሚያግድ የጡንቻዎች መጨመትና መፍታታት ሚዛኑን ያጣል። በተለይ የአንገት፣ የዓይን፣ የመንጋጋና የምላስ ጡንቻዎች ይጨመታሉ። ብዙውን ጊዜ የሚታየው መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ሕፃናትና ወጣቶች በይበልጥ ይጋለጣሉ። በትክክለኛ መጠን የወሰደ ሰው ላይም ሊደርስ ይችላል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን አደጋው ይጨምራል።

እስቲ እናስላው። የሽሮፑ ጥንካሬ በ5 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ አንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊ ግራም ነው ማለት ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በቀን ሙሉ መብለጥ የሌለበት 5 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ የቀኑን ገደብ በአንድ ጊዜ ጨረሰች። ሁለተኛዋ እጥፍ አደረገችው። በ2013 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት መድኃኒቱ ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት እንዳይሰጥ፣ ለሌሎችም ከ5 ቀን በላይ እንዳይወሰድ የመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ተቅማጥና ማስመለስ የያዘው ሕፃን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጥ ኦ አር ኤስ መሆኑንም አንርሳ።

ሐኪም ቤት ሲደርስ ባለሙያው አስቀድሞ አተነፋፈሱን ያያል፤ የደም ስኳሩን ይለካል፤ ትኩሳትና ሌላ የአንጎል ሕመም ምልክት አለመኖሩን ያረጋግጣል። ከዚያም እንደ ዲፌንሃይድራሚን ያለ፣ የተጨመተውን ጡንቻ የሚፈታ መድኃኒት በክብደቱ ልክ ይሰጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ሜቶክሎፕራማይዱ ከሰውነት እስኪወጣ ምልክቱ ሊመለስ ስለሚችል ልጁ ተኝቶ ይጠበቃል፤ ማርከሻውም ለአንድ ሁለት ቀን ሊቀጥል ይችላል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም ይህንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ሕክምና የጀመረች እኅት አንገቷ ቢጣመም «ብሶባታል» ብላችሁ ከሕክምናው አታስወጧት፤ ወደ ሐኪሟ መልሷት።

ሌሎች የሚያሳስቱ ምልክቶች

1. «ጠጥቷል» የተባለው ሽማግሌ። አንድ የተከበሩ የቤተ ክርስቲያን አባት የስኳር በሽታ አለባቸው፤ ግሊቤንክላማይድ የተባለ ኪኒን ይወስዳሉ። ጠዋት መውሰዳቸውን ረስተው ደገሙት፤ ወይም ኪኒኑን ውጠው ሳይበሉ ወደ ጾም ጸሎት ሄዱ። ረፋዱ ላይ ላብ አጠመቃቸው፤ ይንገዳገዳሉ፣ ይቆጣሉ፣ የማይገባ ቃል ይናገራሉ። አንዳንዱ እንዲያውም ግማሽ አካሉ ሸብ ብሎ የደም መርጋት ይመስላል። ይህ የስኳር ማነስ ነው። ጣት ወግቶ በመለካት ወዲያው ይታወቃል። መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወይም ማር ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትጨምሩበት፤ በደም ሥር ግሉኮስ ወደሚሰጥበት አፍጥኑት። ልብ በሉ፣ በግሉኮስ ነቅቶ ቢስቅም ወደ ቤት አትውሰዱት። የኪኒኑ ኃይል ረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ስኳሩ እንደገና ይወርዳል፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተኝቶ መታየት አለበት። ለሕፃን ደግሞ አንዲት ፍሬ እንኳ ለሞት ልታደርስ ትችላለች። የስኳር ሕመምተኛ የሆናችሁ ወገኖች ከመጾማችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

2. «ተሻለው» የሚያሰኘው መርዝ። ፓራሲታሞልን የማያውቅ ቤት የለም። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም። ጥርሱን የታመመ ሰው ግን በየሁለት ሰዓቱ ሁለት ሁለት ይውጣል፤ በላዩ ላይ በውስጡ ፓራሲታሞል ያለበት የጉንፋን መድኃኒት ይጨምራል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ማቅለሽለሽ ቢኖር ነው፤ ምንም ላይኖርም ይችላል። በሁለተኛው ቀን በቀኝ በኩል ከጎድን በታች ያመዋል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ይቃዣል፤ ይደማል። ሰዉ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደ ሥር ማሽ ሊወስደው ይችላል። እውነቱ ግን ጉበቱ መጎዳቱ ነው። ኤን አሴቲልሲስቲን የተባለ ማርከሻ አለ፤ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። ከተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ጉበትን ከከባድ ጉዳት የማዳን ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ምልክት አትጠብቁ፤ ሰዓቱን ቁጠሩ።

ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ኪኒንም እንዲሁ ያታልላል። አንዳንዱ ቀይና ጣፋጭ ሽፋን ያለው ስለሆነ ሕፃን ከረሜላ ይመስለዋል። በመጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ደምም ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ለሰዓታት ጋብ ይልና ይጫወታል። እናት «ተመስገን» ትላለች። ከዚያ በኋላ ግን በድንገት ሊዝለፈለፍ ይችላል። ብዙ ፍሬ የዋጠ ልጅ ቢሻለውም እንኳ ሆስፒታል ውሎ ማደር አለበት።

3. አየር ላይ ነገር የሚለቅመው። አጠፋሪስ ወይም አስተናግር የሚባለውን ተክል የምታውቁት ትኖራላችሁ። ለጥርስ ሕመም ፍሬውን የሚታጠኑ አሉ። ሲበዛ አፍ ይደርቃል፤ ፊት ይቀላል፤ ሰውነት ይግላል፤ የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ሽንት እምቢ ይላል፤ ሰውየው ከማይታይ ሰው ጋር ያወራል፣ ከአየር ላይ ነገር ይለቅማል። አስተናግር መባሉ ያለ ነገር አይደለም። ተመሳሳይ ሁኔታ የአለርጂ መድኃኒት የሆነው ዲፌንሃይድራሚን፣ እንዲሁም ለጭንቀትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ሲበዙ ይታያል። አሚትሪፕቲሊን ልብንም ስለሚያውክ የልብ ምቱ በኢ ሲ ጂ ይነበባል፤ ልብን የሚያረጋጋ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል።

4. የማያቆም መንቀጥቀጥ። አይሶኒያዚድ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ነው። ከአባት ኪስ ያገኘው ሕፃን ብዙ ቢውጥ በተከታታይ ያንቀጠቅጠዋል። የተለመደው የሚጥል በሽታ መርፌ ብቻውን ላያቆመው ይችላል፤ ማርከሻው ቫይታሚን ቢ6 ነው። ሐኪሙ ይህን የሚያስበው «ቤታችን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ» ብላችሁ ስትነግሩት ነው።

5. ጆሮ የሚጮኸው፣ ዓይን የሚጨልመው። ከደጋው ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ለሥራ ወርደው ወባ ይዟቸው የሚመለሱ ወገኖች አሉ። ኪኒን ከበዛ ጆሮ ይጮኻል፤ ዓይን ይደበዝዛል። ክሎሮኪን ሲበዛ ደግሞ ልብን በድንገት እስከ ማቆም ይደርሳል። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ክሎሮኪን ኮሮናን ያድናል በተባለ ጊዜ በናይጄሪያ ሌጎስ ሰዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ውጠው በመመረዝ ሆስፒታል ገብተዋል። የኛው ኮሶም መጠኑ ሲያልፍ ዓይንን ይጎዳል፤ ይህ በ1969 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ተጽፏል። «የባህል ነው» ማለት «ልክ የለውም» ማለት አይደለም።

ሆስፒታል ውስጥ ምን ይደረጋል?

ብዙ ሰው «ሆዱን አጥበው ይለቁታል» ብሎ ያስባል። ዛሬ ግን ሆድ ማጠብ ለሁሉም የሚደረግ ሕክምና አይደለም። ሐኪሙ በቅድሚያ አየር መተላለፊያውን፣ አተነፋፈሱንና የደም ዝውውሩን ያረጋግጣል። ስኳሩን ይለካል። ከዚያ የተወሰደው ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነና መቼ እንደተወሰደ ይጠይቃል። ከተወሰደ አንድ ሰዓት ገደማ ካልሞላውና በሽተኛው በደንብ ከነቃ በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ሊሰጠው ይችላል። ዱቄቱ መድኃኒቱን ሆድ ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። የምድጃ ከሰል ግን ይህን አይተካም። ብረትን ደግሞ ከሰሉም አይዘውም። ማርከሻ ያለው መድኃኒት ከሆነ ማርከሻው ይሰጣል፤ የሌለው ከሆነ ሰውነት መድኃኒቱን እስኪያስወግድ ትንፋሹ፣ የደም ግፊቱና ሽንቱ እየታየ ይደገፋል። ማርከሻ ሁሉ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ሪፈር ቢጻፍላችሁ አትከራከሩ፤ ከጫጫ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሚላከው ለዚህ ነው።

እስክትደርሱ ድረስ

ጠርሙሱን፣ የኪኒኑን ማሸጊያ፣ የተጠቀማችሁበትን ማንኪያ ሳይቀር ይዛችሁ ሂዱ። የቀሩትን ፍሬዎች ቁጠሩ። ሰዓቱን በወረቀት ጻፉ። የልጁን ክብደት ካወቃችሁ ተናገሩ። ራሱን የሳተውን በጎኑ አስተኙት። ለማስመለስ ጣት አትክተቱ፤ የጨው ውሃ አታጠጡ፤ ትንፋሹን ሊያንቀው ይችላል። ወተት ማርከሻ አይደለም። የሚንቀጠቀጥ ሰው አፍ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ፤ ክብሪት አታሽትቱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ የስልክ ቁጥር 907 ነው። አምቡላንስ ከዘገየ ግን ባገኛችሁት መኪና ወይም ባጃጅ ሂዱ። ካለፈላችሁ በኋላ ደግሞ መድኃኒት ያደረሰባችሁን ጉዳት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመሩ 8482 ብትነግሩ ሌላ ቤት ትጠብቃላችሁ።

ለባልና ለሚስት

አሁን ወደዚያ የጫጫ ቤት እንመለስ። ልጁ እየተሠቃየ፣ ባል ማንኪያዋን በልቡ ይዞ ቆሟል። የሚፈራው መድኃኒቱን አይደለም። «ልጄን ልትገድልብኝ ነበር» የሚለውን ቃል ነው የሚፈራው። ይህን ቃል የፈራ ሁሉ ይደብቃል፤ ወይም «ትንሽ ነው የሰጠሁት» ይላል። ትንሽ የተባለው ነገር ሐኪሙን ያሳስተዋል።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ላይ በጌልገላ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በራብ ዘመን አንዱ ወደ ሜዳ ወጥቶ የማያውቀውን የዱር ቅል ለቅሞ ምንቸቱ ውስጥ ከተፈ። ሊመግብ ነበር ያሰበው። የቀመሱት ወዲያው ጮኹ፤ አልደበቁም። ነቢዩ ኤልሳዕም «ማን ነው የከተፈው?» እያለ ጊዜ ሲያጠፋ አናነብም፤ ያደረገው ምንቸቱን ማከም ነው። በእኛም ቤት ቅደም ተከተሉ ይኸው ይሁን፤ መጀመሪያ ልጁ ይዳን፤ ማን ሰጠ የሚለው ልጁ ከዳነ በኋላ፣ ያውም ለመማር ብቻ ይነሣ።

ስለዚህ ሚስት ሆይ፣ ባልሽ በዚያች ሌሊት «እኔ ነኝ፣ በማንኪያ ሁለት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ» ቢልሽ ቃሉ ከባድ ቢሆንም ለልጅሽ መድኃኒት ነው። ለቁጣ ነገ አለ፤ ነገ ደግሞ ምናልባት አያስፈልግ ይሆናል። ባል ሆይ፣ ነገሩ በአንቺ ቢደርስ ብላ እንድትታገሥህ እንደምትፈልግ ሁሉ፣ በእርሷ ሲደርስ አንተም ታገሥ።

ነገሩ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ዛሬ ማታ የምታደርጉት አለ። የመድኃኒት ሰጪ አንድ ሰው ይሁን። ሁለታችሁም የምትሰጡ ከሆነ በመደርደሪያው በር ላይ ወረቀት ለጥፉና የሰጠ ሁሉ ሰዓቱንና መጠኑን ይጻፍ። የወጥ ቤት ማንኪያ መለኪያ አይደለም፤ አንዱ ትንሽ ነው፣ ሌላው ትልቅ ነው፤ የሾርባ ማንኪያ ደግሞ የሻይ ማንኪያን ሦስት እጥፍ ይይዛል። ሲሪንጁን በላስቲክ ከጠርሙሱ ጋር እሰሩት። ኪኒን ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጡ። ለሕፃን «ከረሜላ ነው» ብላችሁ አታውጡ። እንግዳ ሆነው የመጡ አያት ቦርሳቸው ውስጥ ኪኒን ካለ ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጡላቸው።

ስለ ጸሎትስ?

«ታዲያ አንጸልይ ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ጸልዩ፤ እየጸለያችሁም መኪና ጥሩ። የክፉ መንፈስ ሥራ የለም አላልንም። ነገር ግን አንገቱ የተቆለመመ ሁሉ በመንፈስ የተያዘ አይደለም፤ የሚንገዳገድም ሁሉ የሰከረ አይደለም። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደነበር፣ ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሆድ ሲመክረው «ጥቂት» ብሎ ልኩን መናገሩን አንርሳ። የአገልጋዮች ድርሻም ከባድ ነው። እጅ ከመጫናችሁ በፊት ወይም እየጫናችሁ «ዛሬ ምን መድኃኒት ወሰደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያቺ ጥያቄ ለአፈረው አባት በር ትከፍትለታለች።

እናም በጫጫው ቤት ከተሰበሰቡት ወንድሞች አንዱ ይህን ጠየቀ እንበል። ባል ቀና አለ፤ ተናገረ። ሚስት ተመለከተችው፤ ምንም ሳትል ጋቢውን ለልጁ ደረበች፣ ጠርሙሱንም ከመስኮቱ አነሣች። ባጃጁ ደርሷል። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሲስተር ገና በሩ ላይ «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መለሱ።

ዛሬ ማታ መደርደሪያችሁን ክፈቱና እዩ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ቤታችሁንና ልጆቻችሁን ይጠብቅ። አሜን።